በድርጅት ኔትወርክ ላይ በዩዘር የሚከፈል የሶፍትዌር ላይሰንስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሐዋሳ ቢሮዎች፣ ሆቴሎች፣ አከፋፋዮችና ፋብሪካዎች ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ አስቸጋሪው እንሄዳለን።

በዩዘር የሚከፈል ላይሰንስ ምን ማለት ነው?

ክፍያው የሚታሰበው ሶፍትዌሩን በሚጠቀሙ ሰዎች ቁጥር ነው፤ ኮምፒውተር አይቆጠርም። የሂሳብ ሠራተኛዋ ቢሮ ዴስክቶፕ፣ ቤት ላፕቶፕ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ደግሞ ስልክ ቢኖራት የሚያስፈልጋት አንድ ላይሰንስ ነው። አንድ ኮምፒውተር ላይ አራት ሰው ቢፈራረቅ ግን አራት ላይሰንስ ይፈለጋል።

ገደብ ግን አለው። ኦፊስን ኮምፒውተር ላይ ለመጫን የሚያስችሉት የማይክሮሶፍት 365 ላይሰንሶች ለአንድ ሰው እስከ 5 ኮምፒውተር፣ 5 ታብሌትና 5 ስልክ ይፈቅዳሉ። “ቢዝነስ” የሚል ስም ያላቸው ደረጃዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው ከ300 ዩዘር በላይ አይሸጡም።

ሰርቨሩን ከነዊንዶውሱ ገዝተናል። ለሠራተኛው ሁሉ ደግሞ ለምን እንከፍላለን?

ከሰርቨሩ ጋር የተገዛው ላይሰንስ የሚፈቅደው ዊንዶውሱ በዚያ ማሽን ላይ እንዲሠራ ብቻ ነው። ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኝ ሰው ወይም ማሽን የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ይህ ፈቃድ ካል ይባላል። ዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ የሚሸጠው በኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባሉ የሥራ ክፍሎች) ብዛት ሲሆን ዝቅተኛው 16 ኮር ነው፤ ፕሮሰሰራችሁ 8 ኮር ብቻ ቢኖረውም የምትከፍሉት የ16ቱን ነው። ካል ከዚህ ላይ የሚጨመር ሌላ ወጪ ስለሆነ ዋጋ ስታሰባስቡ ሁለቱን ለያይተው እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። አንዱ ነጋዴ ከሌላው በጣም ረክሶ ከታየ ብዙውን ጊዜ ካሉን ትቶት ነው።

ካል የሚጫን ነገር አይደለም፤ ሰዉን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ካል ኖራችሁም አልኖራችሁም ሰርቨሩ ፋይል ይከፍታል፣ ያትማል፣ ፓስወርድ ይቀበላል፤ ማንንም በር ላይ አያስቆምም። “ይሠራል እኮ” ማለት “ፈቃድ አለን” ማለት አይደለም። በዶሜይን አካውንት (የድርጅቱ ሰርቨር በሚያስተዳድረው የመግቢያ ስም) መግባት፣ የጋራ ፎልደር መክፈት፣ በሰርቨሩ በኩል ማተም፣ የአይፒ አድራሻ (ማሽኑ በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ከሰርቨሩ መቀበል፣ ሁሉም ካል ይጠይቃሉ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ አዲስ ካል አሮጌ ሰርቨርን ይሸፍናል፣ አሮጌ ካል ግን አዲስ ሰርቨርን አይሸፍንም፤ የ2019 ካል ይዛችሁ ሰርቨሩን ወደ 2022 ካሳደጋችሁ ካሉንም መግዛት አለባችሁ። ሁለተኛ፣ ትንሽ ቢሮ ከሆናችሁ ኢሴንሻልስ የሚባለው ዕትም እስከ 25 ሰውና 50 ማሽን ድረስ ካል አይጠይቅም። ከአዲስ ሰርቨር ጋር አብሮ የሚሸጥ በመሆኑ ስለ እሱ መጠየቂያው ጊዜ ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት ነው።

በሰው ይሻለናል ወይስ በማሽን?

ዊንዶውስ ሰርቨር ሁለቱንም ዓይነት ካል ይሸጣል። የሰው ካል አንድን ሰው በስንትም ማሽን ይሸፍናል፤ የማሽን ካል አንድን ማሽን ስንትም ሰው ቢቀመጥበት ይሸፍናል። ስለዚህ ሰው ከማሽን ከበዛ በማሽን፣ ማሽን ከሰው ከበዛ በሰው ግዙ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ስህተቱ የሚመጣው ድርጅቱን በሙሉ በአንድ ዓይነት ለመሸፈን ሲሞከር ነው፤ ሁለቱን ቀላቅሎ መግዛት ይፈቀዳል።

ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል እናስብ። ሪሴፕሽን ላይ 2 ኮምፒውተር አለ፤ በፈረቃ የሚሠሩባቸው 7 ሰዎች ናቸው። ሬስቶራንቱ ካሸር ጋ 1 ኮምፒውተርና 4 ሰው አለ። ቢሮ ውስጥ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ፣ ሂሳብ፣ ግዢና የሰው ኃይል ተደምረው 6 ሰዎች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ዴስክቶፕና ላፕቶፕ ይዘዋል። ሁሉንም በሰው ብትገዙ 17 ካል፣ ሁሉንም በማሽን ብትገዙ 15 ካል ያስፈልጋል። ለሪሴፕሽንና ለካሸር 3 የማሽን ካል፣ ለቢሮው 6 የሰው ካል ብትገዙ ግን በ9 ይበቃል።

አንድ ወጥመድ አለ፦ በማሽን የተሸፈነ ሠራተኛ ከዚያ ማሽን ውጭ ሲገባ ሽፋን የለውም። የሪሴፕሽን ተቆጣጣሪው ማታ ከቤቱ በላፕቶፑ የጋራ ፎልደሩን የሚከፍት ከሆነ ለእሱ የሰው ካል ጨምሩለት። ፋብሪካዎች ደግሞ በተቃራኒው ያለቦታው ይደነግጣሉ፤ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ሼድ ውስጥ ሺህ ሠራተኛ ቢኖርም የሚቆጠረው ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኘው ብቻ ነው። ስፌት ላይ ያለችው አትቆጠርም፣ የመስመሩን ምርት ኮምፒውተር ላይ የምታስገባዋ ትቆጠራለች።

ማይክሮሶፍት 365 ላይ ይህ ምርጫ የለም፤ ዋናው መንገድ በሰው ነው። ለፈረቃ ሠራተኛ ኢሜይልና ማንበብ ብቻ ከበቃው በብራውዘርና በስልክ የሚሠራውን ፍሮንትላይን የሚባለውን ረከስ ያለ ደረጃ ጠይቁ።

ስም የተሰጠው ላይሰንስና በአንድ ጊዜ የገባ ሰው የሚቆጠርበት ላይሰንስ እንዴት ይለያያሉ?

በመጀመሪያው ዓይነት ላይሰንሱ ለአንድ ሰው ይመደባል፤ ሰውየው እረፍት ላይ ቢሆንም የእሱ ነው። በሁለተኛው ዓይነት የሚቆጠረው በዚያች ደቂቃ ፕሮግራሙን የከፈተ ሰው ነው። 12 ሠራተኛ ኖሮ በአንድ ጊዜ የሚከፍቱት ከ5 ካልበለጡ 5 ይበቃል፤ ስድስተኛው ከአምስቱ አንዱ እስኪወጣ ይጠብቃል። አንዱ መቀመጫ (በአንድ ጊዜ የሚገባ የአንድ ሰው ቦታ) ከስም ላይሰንስ ይወደዳል፣ ቁጥሩ ግን ያንሳል።

ቁጥሩን በተራ ቀን አትለኩ። የሂሳብ ሶፍትዌር ከሆነ የወሩን የግብር ማሳወቂያ የምታዘጋጁበትን ሳምንትና ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ያለውን ጊዜ ተመልከቱ። በተራ ቀን ሦስት ሰው የሚከፍተው ፕሮግራም ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ኦዲተሩንም ጨምሮ ስድስት ሰው ሊከፍተው ይችላል።

ዓለም የሚሄደው ወደ ስም ላይሰንስ ነው። አውቶካድ የሚባለውን የንድፍ ሶፍትዌር የሚሠራው አውቶዴስክ አንዴ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚያገለግለውን ላይሰንስ እ.ኤ.አ. በ2016 መሸጥ አቁሟል፤ ከ2020 ጀምሮ ደግሞ በኔትወርክ የሚጋሩትን ወደ ስም ላይሰንስ ማዞር ጀመረ። ሦስት መሐንዲሶች አንድ አውቶካድ እየተቀባበሉ የሚሠሩበት ቢሮ አዲስ ሲገዛ ወይ ሦስት ላይሰንስ ይገዛል፣ ወይም አንዳንዴ ብቻ ለሚከፍተው ሰው በተጠቀመበት ቀን ልክ የሚቆረጠውን ፍሌክስ የሚባለውን አከፋፈል ይመርጣል።

ሦስት ካሸሮች በአንድ አካውንት ቢገቡ አንድ ላይሰንስ አይበቃም?

አይበቃም። ላይሰንሱ የሚቆጥረው ሰውን ስለሆነ “ካሸር1” በሚል ስም ሦስት ሰው ከገባ ሦስት ላይሰንስ ያስፈልጋል። ከላይሰንሱም በላይ የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው፦ ካዝናው ሲጎድል ደረሰኙን የሰረዘው ማን እንደሆነ ሲስተሙ አይነግራችሁም።

ሰው የማይገባባቸው አካውንቶች፣ ማለትም ባክአፕ የሚሠራው ወይም ዳታቤዙን የሚያስነሳው፣ እንደ ሰው አይቆጠሩም። በዝርዝራችሁ ላይ ግን ለይታችሁ ጻፏቸው፤ ያለዚያ የላይሰንስ ቆጠራ በመጣ ቁጥር ያከራክራሉ።

ላይሰንሱ በማን ስም ይመዝገብ? ክፍያውስ?

በድርጅቱ የራሱ ዶሜይን ኢሜይል (ከ@ በኋላ የድርጅቱ ስም ባለው) ይመዝገብ። ብዙ ቦታ የሚታየው ግን የአይቲ ባለሙያው በግል ጂሜይሉ፣ በግል ስልክ ቁጥሩ መመዝገቡ ነው። ክፋት ላይኖረው ይችላል፤ ባለሙያው ሲለቅ ግን የድርጅቱ ላይሰንስ፣ የክፍያ ታሪክና የማረጋገጫ ኮዱ አብረውት ይሄዳሉ፤ ለማስመለስ የሚደረገው ምልልስም ሳምንታት ይፈጃል። ሁለት የአድሚን አካውንት ይኑር። አንደኛው የዕለት ሥራ የሚሠራበት፣ ሁለተኛው ፓስወርዱ ታሽጎ ካዝና የሚቀመጥ ይሁን።

በውጭ ምንዛሪ ካርድ በየወሩ የምትከፍሉ ከሆነ አንድ ቀን ካርዱ እንቢ ይላል፤ የካርዱ ቀሪም ገደቡም ሊሆን ይችላል። በዓመት መክፈል ይህን ስጋት በዓመት ወደ አንድ ቀን ያወርደዋል። ብር የሚቀበል የሀገር ውስጥ ሻጭ ካለ ደረሰኝ ብቻ ሳይሆን የላይሰንሱን ዓይነት፣ ብዛት፣ የሚያበቃበትን ቀንና የገዢውን ስም የያዘ ሰነድ ተቀበሉ። ለአብዛኞቹ የማይክሮሶፍት 365 ደንበኝነቶች ጊዜው ካለፈ በኋላ 30 ቀን ሥራ አይቋረጥም፤ ቀጥሎ ባለው 90 ቀን ሠራተኛው አይገባም፣ አድሚኑ ግን ዳታውን ሊያወጣ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ዳታው ይጠፋል።

ሠራተኛ ሲለቅ ላይሰንሱን ለሌላ ማዞር ይቻላል?

ይቻላል፤ ቅደም ተከተሉን ግን ጠብቁ። ማይክሮሶፍት 365 ላይ መጀመሪያ መግባቱን አግዱ፣ ፓስወርዱን ቀይሩ፣ ከሁሉም መሣሪያ አስወጡት። ቀጥሎ ኢሜይሉን ወደ የጋራ የመልእክት ሳጥን ቀይሩት፤ እስከ 50 ጊጋባይት ድረስ ላይሰንስ አይፈልግም፣ አካውንቱ ግን መሰረዝ የለበትም። ዋንድራይቭ (የሠራተኛው የኢንተርኔት ፋይል ማስቀመጫ) ውስጥ ያለውን ፋይል ለተተኪው አስተላልፉ። ላይሰንሱ የሚነሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የተለመደው ስህተት አካውንቱን ወዲያው መሰረዝ ነው። የተሰረዘ አካውንት በ30 ቀን ውስጥ ይመለሳል፤ ከዚያ ካለፈ የደንበኛ ውልና የዋጋ ማቅረቢያ የያዘው ኢሜይል አብሮ ይሄዳል።

ካል ላይ የሚጫን ቁልፍ የለም፤ በመዝገባችሁ ላይ የአሮጌውን ስም ሰርዛችሁ የአዲሱን መጻፍ ነው። ነገር ግን አንድን ካል በየሳምንቱ ከሰው ሰው ማዟዟር አይቻልም፤ ሠራተኛው ጨርሶ ካልለቀቀ በቀር በ90 ቀን ውስጥ ደግሞ ማዞር በውሉ የተከለከለ ነው። የወሊድ ወይም የሕመም ፈቃድ ላይ ያለችን ሠራተኛ ለተካው ጊዜያዊ ሰው ካሉን መስጠት ግን ይፈቀዳል።

“የተጠቃሚ ቁጥር ሞልቷል” ይላል፤ ቢሮ ውስጥ ያለነው ግን ሁለት ነን። ለምን?

የቀሩትን መቀመጫዎች የያዙት በሥርዓት ያልወጡ ሰዎች ናቸው። መብራት ሲጠፋ፣ ዋይፋይ ሲቆራረጥ ወይም ላፕቶፑ ሳይዘጋ ሲታጠፍ ፕሮግራሙ ለሰርቨሩ “ወጥቻለሁ” ሳይል ይቀራል። ሰርቨሩ ሰውየው አሁንም አለ ብሎ መቀመጫውን ይይዝለታል። መብራት መጥቶ ሰዉ ሁሉ እንደገና ሊገባ ሲሞክር ግማሹ ውጭ ይቀራል።

መጀመሪያ በፕሮግራሙ የራሱ የተጠቃሚዎች መቆጣጠሪያ ገብታችሁ ማን እንደተመዘገበ እዩ፤ የሌለውን ሰው ከዚያ አስወጡ። ፕሮግራሙ ፋይሉን በጋራ ፎልደር የሚከፍት ዓይነት ከሆነ፣ ፒችትሪን የመሰለ፣ ሰርቨሩ ላይ ኮምፒውተር ማኔጅመንት ከፍታችሁ ሼርድ ፎልደርስ ከሚለው ሥር የተገናኙትን ማሽኖችና የተከፈቱትን ፋይሎች ታገኛላችሁ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፦ በእርግጥ እየሠራ ያለን ሰው ፋይል ከዘጋችሁበት የሂሳብ ዳታው ሊበላሽ ይችላል። በስልክ ጠይቁ፣ ሁሉም ይውጣ፣ ባክአፕ ውሰዱ፣ ከዚያ ዝጉ። ይህም ካልረዳ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ የዳታቤዙን ወይም የላይሰንሱን ሰርቪስ እንደገና አስነሱት።

እንዳይደገም ሁለት ነገር ይሠራል። የላይሰንስ ሰርቨሩ (መቀመጫዎቹን የሚያድለው ፕሮግራም) ሥራ ፈትቶ የተቀመጠን መቀመጫ መልሶ እንዲወስድ ሰዓት ስጡት፤ ፍሌክስ ኤልኤም በሚባለው የላይሰንስ ማኔጀር ላይ ብዙ ጊዜ ከ15 ደቂቃ በታች አይቀበልም፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይስማማል። ሌላው ዩፒኤስ ነው። ሰርቨሩም ኮምፒውተሩም ዩፒኤስ ላይ ሆነው ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው ስዊች ግድግዳ ላይ የተሰካበት ቢሮ ብዙ ነው፤ መብራት ሲሄድ ሁሉም ማሽን በርቶ ኔትወርኩ ብቻ ይሞታል፤ መቀመጫዎቹ ተንጠልጥለው የሚቀሩት ያን ጊዜ ነው። ስዊች የሚወስደው ኃይል ትንሽ ስለሆነ በሰርቨሩ ዩፒኤስ ላይ ቢጨመር አይከብድም።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራ ይቆማል?

እንደ ላይሰንሱ ዓይነት ነው። ኮምፒውተር ላይ የተጫነ የማይክሮሶፍት 365 ኦፊስ በ30 ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ካገኘ ይበቃዋል፤ ካላገኘ ፋይል ማንበብና ማተም እንጂ ማረም አይፈቅድም። በብራውዘር የሚሠራው ግን መስመሩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። የላይሰንስ ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ ከሆነ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ የውስጥ ኔትወርኩ ካለ ይበቃል። ዊንዶውስ በኬኤምኤስ (በድርጅቱ ውስጥ ባለ የማንቂያ ሰርቨር) በሚነቃበት ድርጅትም እያንዳንዱ ኮምፒውተር በየ7 ቀኑ ለማደስ ይሞክራል፣ ባይሳካ ደግሞ 180 ቀን ይቆያል።

የሚቸገሩት ቅርንጫፎች ናቸው። ሻሸመኔ ወይም ዲላ ያለው ቢሮ ሐዋሳ ካለው የላይሰንስ ሰርቨር ጋር በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የግል መስመር) የሚገናኝ ከሆነ መስመሩ ሲቆረጥ ፕሮግራሙ ትንሽ ጠብቆ ይቆማል። ሶፍትዌሩ ላይሰንስን ለተወሰነ ቀን ተበድሮ መውሰድ የሚፈቅድ ከሆነ ለመስክ ሠራተኛና ለቅርንጫፍ ተጠቀሙበት። የተበደረው ላፕቶፕ ከተሰረቀ ግን የመመለሻው ቀን እስኪደርስ መቀመጫው እንደተያዘ ይቆያል፤ ስለዚህ ለሳምንት እንጂ ለወራት አታበድሩ።

ሰርቨሩ ተቃጥሎ ማዘርቦርድ ቀየርን፤ ላይሰንሱ አልነሳ አለ። ምን እናድርግ?

የኔትወርክ ላይሰንስ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ በኔትወርክ ካርዱ ማክ አድራሻ (በካርዱ መለያ ቁጥር) ላይ የታሰረ ነው። ማዘርቦርዱ ሲቀየር አድራሻውም ይቀየራል። አዲሱን አድራሻ ለሻጩ ልካችሁ ፋይሉ እንደገና እንዲወጣላችሁ ጠይቁ። የተበላሸው ቦርድ በእጃችሁ ካለ አትጣሉት፣ ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል።

አዲሱ ፋይል ገብቶም ከሌላ ኮምፒውተር የማይገኝ ከሆነ ግንኙነት የሚያግደውን ፋየርዎል እዩ። ፍሌክስ ኤልኤም በተለምዶ 27000 ፖርት (የኔትወርክ መግቢያ ቁጥር) ላይ ነው፤ አውቶዴስክ ከዚያ በተጨማሪ 2080ን ይፈልጋል። አንደኛውን ከፍቶ ሁለተኛውን መርሳት የተለመደ ነው።

የኮምፒውተሩን ሰዓት ወደ ሀበሻ ሰዓት ካዞርነው ወዲህ ላይሰንሱም ዶሜይኑም እንቢ አለን። ለምን?

ዶሜይን ላይ ያለ ኮምፒውተር ሰዓቱ ከሰርቨሩ ከ5 ደቂቃ በላይ ከራቀ የመግቢያ ማረጋገጫው ይወድቃል። ጠዋት 2 ሰዓት እንዲል ብላችሁ ሰዓቱን በእጅ ስትመልሱት 6 ሰዓት ነው ያራቃችሁት። ዓመቱንም ወደ እኛ አቆጣጠር ካዞራችሁት ጭራሽ የባሰ ነው፦ የደህንነት ሰርተፊኬቱ “ገና አልጀመረም” ይባላል፤ አንዳንድ የላይሰንስ ማኔጀር ደግሞ ሰዓቱ ወደ ኋላ መሄዱን ሲያይ ማጭበርበር ነው ብሎ ይዘጋል።

ታይም ዞኑን ናይሮቢ የሚለው ላይ አድርጉ፣ ሰዓቱን ከሰርቨሩ እንዲወስድ ተዉት። የግድ በሀበሻ ሰዓት ማየት ለሚፈልግ ሰው ሰዓቱን ሳይሆን ታይም ዞኑን ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ወደ ኋላ ወዳለው ማዞር ላይሰንሱን አይነካም፤ የኢሜይልና የቀጠሮ ሰዓት ግን ይምታታበታል፣ ቀኑም የሚቀየረው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይሆናል። በየጠዋቱ ሰዓቱ ራሱ ወደ አሮጌ ዓመት የሚመለስ ማሽን ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ሲአር 2032 ባትሪ አልቋል።

የሚያበቃበትንም ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት። በዓለም አቀፍ ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ የሚያበቃ ላይሰንስ እኛ ጋ የሚያበቃው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ የሌሊት ፈረቃ ያለው ሆቴል ይህን ቀድሞ ማወቅ አለበት።

የቅርንጫፍ ሠራተኞች በሪሞት ዴስክቶፕ (የሰርቨሩን ስክሪን ከሩቅ ሆነው በመክፈት) ሐዋሳ ያለው ሰርቨር ላይ ይሠራሉ። ከሁለት ሰው በላይ ለምን አይገባም?

ዊንዶውስ ሰርቨር ያለ ተጨማሪ ላይሰንስ የሚፈቅደው ሁለት ግንኙነት ብቻ ነው፤ እነሱም ሰርቨሩን ለማስተዳደር እንጂ ለዕለት ሥራ አይደሉም። ሠራተኛ ገብቶ ሂሳብ እንዲሠራ የሪሞት ዴስክቶፕ ሚናዎችን (የሰርቨሩን ተጨማሪ አገልግሎቶች) መጫንና ለእያንዳንዱ ሰው ወይም ማሽን ሁለት ካል መግዛት ያስፈልጋል፦ አንዱ የዊንዶውስ ሰርቨር ካል፣ ሌላው የሪሞት ዴስክቶፕ ካል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይተካም።

ሚናውን ስትጭኑ 120 ቀን ያለ ካል ይሠራል። አደጋው እዚህ ነው፤ አራት ወር ሙሉ ሁሉም ደህና ሆኖ፣ የጫነው ሰው ረስቶት ወይም ሄዶ፣ አንድ ጠዋት ማንም አይገባም። ካሉ ተገዝቶ እንኳ የላይሰንስ ሰርቨሩ ስምና ዓይነቱ፣ በሰው ወይም በማሽን የሚለው፣ በሰርቨሩ ፖሊሲ ላይ ካልተመረጠ ውጤቱ ያው ነው። ሰርቨሩ ዶሜይን ከሌለው በሰው የሚቆጠረውን አትግዙ፦ በ2019 ዕትም ላይ “ግንኙነቱ በ60 ደቂቃ ውስጥ ይቋረጣል” እያለ በየሰዓቱ ያስወጣችኋል። ያለ ዶሜይን የሚሠራው በማሽን የሚቆጠረው ነው።

በማሽን የተገዛው ካል ሲያልቅ አዲሱ ማሽን አይገባም። በሰው የተገዛው ግን ከገዛችሁት በላይ ሰው ሊያስገባ ይችላል፤ ይህ ስጦታ አይደለም፣ ልዩነቱን የመቁጠር ኃላፊነት እናንተ ላይ ነው። ኦፊስንም በዚሁ ሰርቨር ላይ የምትጭኑ ከሆነ ማይክሮሶፍት 365 ቢዝነስ ስታንዳርድ አይበቃም፤ በጋራ ኮምፒውተር ላይ መንቃት የሚፈቀደው ከቢዝነስ ፕሪሚየም ጀምሮ ነው።

ፕሪንተር፣ የጣት አሻራ ማሽንና የሆቴል እንግዳ ይቆጠራሉ?

የሚጠቀሙበት ሰዎች ሁሉ የሰው ካል ካላቸው ለፕሪንተሩ ሌላ ካል አያስፈልግም። በማሽን ካል ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ግን ስካን አድርጎ ሰርቨሩ ላይ የሚያስቀምጥ ወይም አይፒ አድራሻ ከሰርቨሩ የሚወስድ ፕሪንተር ራሱን እንደቻለ ማሽን ይቆጠራል። የጣት አሻራ መቆጣጠሪያውም በዚሁ ሕግ ነው።

እንግዳው ላይ መፍትሔው ቀላል ነው፦ የእንግዳ ዋይፋይ አድራሻውን ከዊንዶውስ ሰርቨር ሳይሆን ከራውተሩ ይውሰድ። አለበለዚያ አልጋ የያዘ ሰው ሁሉ በወረቀት ደረጃ ካል የሚያስፈልገው ሆኖ ያርፋል።

መሃል ላይ የራሳችንን ፕሮግራም አስገብተን ዳታቤዙ ላይ በአንድ አካውንት ብቻ ብንገባ ቁጥሩ አይቀንስም?

አይቀንስም። ባለሙያዎች በብዛት የሚስቱበት ነጥብ ይህ ነው። የሽያጭ ፕሮግራማችሁ ኤስኪውኤል ሰርቨር (የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ) ላይ በአንድ ስም ቢገባም በስተጀርባው 30 ሻጭ ካለ የሚቆጠረው 30ው ነው። ብዙ ሰውን በአንድ ቧንቧ ማሳለፍ የካሉን ቁጥር እንደማይለውጥ በውሉ በግልጽ ተጽፏል።

ሰዉ ሲበዛ ወይም ስንት እንደሆነ መቁጠር ሲያቅት ኤስኪውኤል ሰርቨርን በኮር መግዛት አለ፤ ዝቅተኛው 4 ኮር ነው፣ ካልም አይጠይቅም። ከዚያ በፊት ግን ዳታቤዛችሁ ምን ያህል እንደሆነ እዩ። ኤክስፕረስ የሚባለው ነጻ ዕትም እስከ 2022 ባለው ድረስ ለአንድ ዳታቤዝ 10 ጊጋባይት ይፈቅዳል፤ መካከለኛ አከፋፋይ ለዓመታት ላይሞላው ይችላል። ሲሞላ ግን አዲስ ሽያጭ መመዝገብ ያቆማል፤ ስለዚህ 8 ሲደርስ ውሳኔ ይሰጥ።

ክራክ የተደረገውን (ላይሰንሱ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራውን) ብንጠቀምስ? ሁሉም ሰው ይጠቀማል።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ ይጠብቃል፤ ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ከሕጉ ቀድሞ የሚደርሰው ግን ሌላ ነው። ማንቂያ ተብሎ የሚወርደው ፕሮግራም መጀመሪያ የሚጠይቀው አንቲቫይረሱን እንድታጠፉና የአድሚን ፈቃድ እንድትሰጡት ነው። በሰርቨሩ ላይ ይህን የፈቀደ ሰው የድርጅቱን ሂሳብና ባክአፕ ላላወቀው ሰው ከፍቶ ሰጥቷል።

ገንዘቡ ከሌለ ሕጋዊ ሆኖ ነጻ የሆነ አማራጭ አለ። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ላይ ሳምባ በሚባለው ፕሮግራም የሚሠራ የፋይል ሰርቨር ካል አይጠይቅም፤ የቢሮ ደብዳቤና ሰንጠረዥ በሊብሬኦፊስ ይሠራል፤ ኦዱ የሚባለው የድርጅት አስተዳደር ሶፍትዌር ኮሚዩኒቲ ዕትሙ የዩዘር ክፍያ የለውም። የኤክሴል ማክሮ የሚጠቀም ሂሳብ ክፍል ይቸገራል፤ ለእነሱ ብቻ ኦፊስ ግዙ።

በቆጠራ ጊዜ ምን እናሳይ? ቁጥራችንስ ትክክል መሆኑን እንዴት እናውቃለን?

ሦስት ዝርዝር አውጡ፦ ከሰው ኃይል የሠራተኞችን፣ ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ (ከዊንዶውስ ዶሜይኑ የአካውንት መዝገብ) የአካውንቶችን፣ ከግዢ ሰነድ የላይሰንሶችን። ሦስቱን አስተያዩ። አካውንት ኖሮት ሠራተኛ ያልሆነ ሰው ለቆ የሄደ ነው፤ ሠራተኛ ሆኖ አካውንት የሌለው በሌላ ሰው ስም እየገባ ሊሆን ይችላል። ለ90 ቀን ያልገባበትን አካውንት ዝጉ፤ ሆኖም አክቲቭ ዳይሬክተሪ የመጨረሻ መግቢያን የሚያሳይበት አንደኛው መረጃ እስከ 14 ቀን ሊዘገይ ስለሚችል በድንበሩ ላይ ያለውን ሰው ጠይቃችሁ ነው።

የላይሰንስ ቁልፍ ማስረጃ አይደለም፤ ቁልፍ ከየትም ይገኛል። ማስረጃው ደረሰኙ፣ ውሉና በድርጅቱ ስም የወጣው የላይሰንስ ሰነድ ነው። መዝገባችሁ ላይ የሶፍትዌሩ ስምና ዕትም፣ ዓይነቱ፣ ብዛቱ፣ የተመደበለት ሰው ወይም ማሽን፣ የተመደበበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀንና የደረሰኙ ቁጥር ይኑር። ደረሰኞቹን ስካን አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ቴርማል ወረቀት ላይ የታተመው በሁለት ዓመት ውስጥ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል።